በጭቃ የደፈንነው በር

በቀደም ጎንደር ፒያሳ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ፣ እርጥብ ቆዳ የጫነ አይሱዙ በተቆፈረው መንገድ እየተንገጫገጨ በአጠገባችን አለፈና ሰልፈኛውን ሁሉ አፍንጫ አስያዘው። ከፊቴ የቆመችው ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና «ኤዲያ! የሞተ ነገር ነው እንዴ የጫነው?» አለች። እኔ ግን፣ ልትስቁብኝ ካላችሁም ሳቁ፣ መኪናው ታጥፎ እስኪሄድ ድረስ ሽታውን ሳብኩት። ሌላው ሰው ልጅነቱን ሲያነሳ ስለ ጤናዳም ወይም ስለ ትኩስ ዳቦ ያወራ ይሆናል፤ የእኔ ልጅነት የሚሸተው በርሜል ውስጥ ተዘፍዝፎ የሰነበተ የፍየል ቆዳ ነው፣ ምን ላድርግ! ከሽታውም ጋር ሁልጊዜ አንድ በር ይመጣብኛል፣ እኛው በገዛ እጃችን የደፈንነው በር።

አባዬ ቁም ጸሐፊ ነበር። የጸሎት መጻሕፍትን በእጁ እየጻፈ ለየአድባራቱ ያደርስ ነበር፣ የሚጽፍበትንም ብራና የሚያዘጋጀው ራሱ ነበር። ቆዳውን ከቅዳሜ ገበያ ተሸክሞ መጥቶ፣ በርሜል ውስጥ ዘፍዝፎ፣ ከአጥሩ ጋር ባቆመው የእንጨት መወጠሪያ ላይ በጠፍር ወጥሮ፣ ሥጋውንና ጠጉሩን እየፋቀ፣ ውሃ እያርከፈከፈ በድንጋይ ሲያለሰልሰው ይውል ነበር። ሲደርቅ እኔና ታናሽ ወንድሜ በጣታችን እየመታን እናጮኸው ስለነበር «እናንተ የማትረቡ! የእግዜር ቃል የሚጻፍበት ነው እኮ!» እያለ ያባርረን ነበር። ቁጣው ግን ከአፉ አያልፍም ነበር፣ እኛም እናውቅ ነበር።

ቤታችን ከቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በታች ቁልቁለቱ ላይ ነበር፣ በረጅሙ የተሠራ የጭቃ ቤት፣ የቀበሌ። አንድ ግድግዳ መሀሉን ቆርጦት ከወዲህ ያለው ሰፊው ክፍል የእኛ፣ ከወዲያ ያለው ጠባቡ የእማማ ዘነቡ ነበር፣ ሁለቱም በር ጎን ለጎን ወደ አንድ ግቢ ይከፈት ነበር፣ በየበሩም ላይ ቁጥር የተጻፈበት ትንሽ ቆርቆሮ ተመትቶ ነበር። እማማ ዘነቡ ከአይከል በኩል ተድረው የመጡ፣ ባላቸው መካኒክ የነበሩ፣ እኔ ሳልወለድ በሞት የተለዩዋቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። የሚኖሩት ሹሩባ እየሠሩ ነበር። ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው፣ የሰፈሩን ሴት ልጅ ተራ በተራ በጉልበታቸው መሀል እያስቀመጡ፣ አንዳንዴ በቅማንትኛ ለራሳቸው እያንጎራጎሩ፣ ጠጉራችንን እንባችን እስኪመጣ ይጎነጉኑት ነበር። «ምነው አንቺ ትርንጎ! ጭንቅላትሽን ያዥ እንጂ፣ ከጥጃ ጋር ነው እንዴ የምታገለው?» ይሉኝ ነበር።

ጥር ሲገባ ለጥምቀት የሚሠሩት ሹሩባ ስለሚበዛ ግቢያችን የሠርግ ቤት ይመስል ነበር። አባዬም በዚያው ሰሞን ቆዳ አያቋርጥምና እሳቸው ከደጃቸው ሆነው «ኧረ መሪጌታ፣ ዛሬስ ፍየሎችህ አፍንጫዬን ነቅለው ሊወስዱት ነው!» ሲሉት፣ እሱ ደግሞ ከመወጠሪያው ጀርባ «ዕጣን ነው ብለው ያሽትቱት እንጂ እማማ!» ይላቸው ነበር። ሁልጊዜ ያው ቀልድ ነበር፣ ሁልጊዜም ያስቀን ነበር።

የዚያን ዓመት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ከመንገዱ በታች ሰዎች መጥተው ባለ ሦስት እግር መነጽር ተክለው ሰፈሩን ቁልቁልና ሽቅብ ሲያዩት ዋሉ። ማንንም አላናገሩም፣ ማንም አላናገራቸውም። በማግስቱ ከመንገዱ በታች ያሉት ቤቶች ሁሉ ግድግዳቸው ላይ ትልልቅ ቀይ ቁጥር ተጽፎባቸው አደሩ። አባዬ ሲጽፍ ቀዩን ቀለም የሚነካው የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም ሲደርስ ብቻ ነበርና፣ እኔ ሞኟ እነዚያ ቤቶች ተመርጠው የከበሩ መስሎኝ ቀናሁ። ወደ እማዬ ሮጬ «የእኛስ ቤት መቼ ነው በቀይ የሚጻፈው?» ብዬ ጠየቅኋት። እጇን አንስታ ልትመታኝ ካለች በኋላ መልሳ አወረደችውና «ሁለተኛ እንዲህ እንዳትይ» ብላኝ ወደ ጓዳ ገባች።

ከፋሲካ በኋላ ማፍረሻው መኪና መጣ። መጀመሪያ ድምፁን ነው የለመድነው፣ ጧት ተነስቶ ማጉረምረም ይጀምርና እስከ ማታ አያቆምም ነበር፣ እኛ ቤት መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ይንገጫገጩ ነበር። ሆቴልና ሰፊ መንገድ ሊሠራ ነው ተባለ። አብራኝ ትማር የነበረች ልጅ አርብ ተለያይተን ሰኞ ከነቤቷ አልነበረችም። ሰዎቹ እቃቸውን ጭነው ሲሄዱ ውሾቻቸውን ስላልወሰዱ፣ ውሾቹ ፍርስራሹ ላይ፣ ልክ በራቸው የነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጠው ያላዝኑ ነበር፣ ድንጋይ ብንወረውርባቸውም አይነሱም ነበር። ወደ እኛ በኩል ግን ቁጥር ስላልተጻፈ ትልልቆቹ ሰዎች «ይኼ ከነገሥታቱ ዘመን ጀምሮ የካህናት ሰፈር ነው፣ ማን ይነካዋል?» ይባባሉ ነበር። ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ አይገባኝም ነበር።

ክረምቱ ሲገባ የታችኛው ቁፋሮ ያመጣውን ጣጣ አየነው። የሰፈሩን ውሃ ይዞ ይወርድ የነበረው ቦይ በአፈርና በፍርስራሽ ተደፍኖ ስለነበር፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፉ መሄጃ አጥቶ ግቢያችን ውስጥ ይጠራቀም ጀመር፣ ዝቅ ብሎ የተሠራው የእማማ ዘነቡ ደጅ ስለነበር የሚገባውም እሳቸው ቤት ነበር። ሐምሌ ሳይጋመስ እርጥበቱ ደረታቸው ላይ ወጣና አልጋ ላይ ወደቁ። እግራቸው አበጠ፣ ሳላቸውን በግድግዳው ውስጥ እንሰማው ነበር። እማዬ አጥሚት ይዛ በዚያ ዶፍ ዞራ ስትገባ እሷም እስከ ጉልበቷ ትርሳለች፣ በሩ በተከፈተ ቁጥርም ውሃው ተከትሏት ይገባል። አንድ ቀን ጧት እግራቸውን ስታሻሽ ቆይታ ስትመለስ ነጠላዋን እየጨመቀች «መሪጌታ፣ እኒህ ሴት በዚህ ክረምት ይሞቱብናል» አለች። አባዬም «በሩን እንድፈነው፣ ግድግዳውን እንክፈተው» አላት።

የሰፈሩ ወንዶች ሦስት አራት ሆነው መጡ። መሀለኛውን ግድግዳ በዶማ ሸንቁረው ሰው የሚያሳልፍ መተላለፊያ አወጡ፣ ከዚያ የእማማ ዘነቡን በር ከነመቃኑ ነቅለው ክፍቱን በድንጋይ ሞልተው፣ እኔና ወንድሜ በእግራችን ያቦካነውን የጭድ ጭቃ መርገው ደፈኑት። በሩን አባዬ ድንጋይ ላይ አጋድሞ የቆዳ ማስቀመጫ አደረገው። መተላለፊያው ላይ መጋረጃ ተሰቀለ፣ ውሃው ቆመ፣ የእኛ ምድጃ ሙቀትም ወደዚያ ያልፍ ጀመር። እማማ ዘነቡ አልጋቸው ላይ ሆነው ከወዲህ እስከ ወዲያ ያለውን ሁሉ እያዩ «አሁን ገና ቤት ገባሁ» ብለው አለቀሱ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎናቸው ነበር የምተኛው። እንደዚያ ያለ ሸጋ ክረምት ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም፣ እውነቴን ነው።

መስከረም ሲጠባ እማማ ዘነቡ ከአልጋ ተነስተው በእኛ በር ወጥተው ፀሐይ ይሞቁ ጀመር። ጥቅምት ላይ ደግሞ መዝጋቢዎቹ ወደ እኛ ሰፈር ተሻገሩ። አባዬ ቤተ ክርስቲያን፣ እማዬ ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ነበሩ። የመጡት አንድ ወጣት መዝገብ ይዞ፣ አንዲት ልጅ የቀለም ቆርቆሮ አንጠልጥላ ነበር። ወጣቱ ቤቱን ከውጭ አይቶ ፎቶግራፍ አነሳውና «አባወራው ማን ይባላል?» አለኝ። እንደተማሪ ቀጥ ብዬ ቆሜ የአባቴን ስም ከነአያቴ ነገርኩት። እማማ ዘነቡ እንግዳ መጣ ብለው ቆሎ በሰፌድ አቅርበው «ተቀመጡ እንጂ ልጆቼ፣ ምነው እንዲህ ደከማችሁ?» ይላሉ። «እርስዎስ እማማ?» ሲላቸው «እኔማ የነሱው ነኝ» አሉት፣ በኩራት። ልጅቷ ከበራችን ጎን አንድ ቀይ ቁጥር ጻፈች፣ ቀለሙ ቁልቁል ሲንጠባጠብ እማማ ዘነቡ ከመቀነታቸው ላይ ጨርቅ ፈተው «እንቺ፣ ጥረጊው ልጄ» ብለው አቀበሏት።

እማዬ ጀሪካን ተሸክማ ስትገባ ቁጥሩን አየች፣ ከዚያ የደፈንነውን በር አየች። ጀሪካኑን ጥላ ሮጣ ሦስተኛው ቤት ላይ ደረሰችባቸውና እየጎተተች አመጣቻቸው።

«ይኼ እኮ ሁለት ቤት ነው! ይኼኛው የእማማ ነው፣ በስማቸው ነው የሚኖሩት!»

«ሁለተኛው በር የታል?» አላት ወጣቱ።

«ይኸውና! ምርጉ ገና አዲስ ነው፣ ነክተህ እየው!»

«እህቴ፣ እኔ የማየውን ነው የምመዘግበው። አቤቱታ ካላችሁ ጽሕፈት ቤት ኑ።» ክፉ ልጅ አልነበረም፣ ሲሄድ ቆሎውን ስለሰጡት አመስግኖ ነው የሄደው።

አባዬ የእማማ ዘነቡን የኪራይ ደብተር ይዞ ተመላለሰ። ደብተሩ በሟቹ ባላቸው ስም ነው ተባለ፣ የሞት ማስረጃ አምጡ ተባለ፣ ማስረጃውን ሲያመጣ ደግሞ በዚያ ቁጥር የተመዘገበው አንድ ቤትና አንድ አባወራ ብቻ ስለሆነ የሚሰጠው ምትክ አንድ ነው ተባለ። ያን ጊዜ ነው አንድ አዋቂ ነኝ ባይ «በሩን መልሳችሁ ክፈቱት፣ ድጋሚ ሊያጣሩ ይመጣሉ» ብሎ የመከረው። አባዬም የዋህ ነው፣ በማግስቱ ማለዳ ምርጉን አፍርሶ፣ በሩን መልሶ ገጥሞ፣ ቆርቆሮውን ቁጥር ሚስማር መታበት። አጣሪዎቹ በእውነትም መጡ፣ በጥቅምት ያነሱትን ፎቶግራፍም ይዘው ነበር የመጡት።

ቤት ከተመዘገበ በኋላ ለሁለት ከፍሎ አዲስ በር ማውጣት፣ ሁለት ምትክ ለመቀበል የተደረገ ማጭበርበር ነው ተባልን። አባዬ ተጠራ፣ እማማ ዘነቡም ተጠሩ፣ እኔም የእሳቸው ምርኩዝ ሆኜ አብሬ ሄድኩ። ቢሮው ውስጥ አንድ ኃላፊ ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የተዘጋጀ ወረቀት ለአባዬ ገፋ አደረገለት። «ቤቱ ድሮም አንድ ነው፣ ሁለተኛውን በር ከምዝገባ በኋላ ያወጣሁት እኔ ነኝ» የሚል ነበር። ከፈረመ የእኛ ምትክ ይጸናል፤ ካልፈረመ ቁጥሩ ከነጭራሹ ይሰረዛል፣ እኛም እሳቸውም ባዶ እጃችንን እንወጣለን።

አባዬ እስክሪብቶውን አንስቶ ቆየ። መስመር ሳያሰምር ፊደል ሲደረድር አንዲት እንኳ የማትዛባበት ሰው ነበር፣ ያን ጊዜ ግን እስክሪብቶውን መልሶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጻፍ መሪጌታ» አሉ እማማ ዘነቡ።

«እማማ፣ ሐሰት ነው እኮ። እያወቅኩት!»

«እና ልጆችህን ሜዳ ላይ ልታፈሳቸው ነው? ጻፍ አልኩህ! እኔ ስንት ቀን ቀረኝ ብለህ ነው።»

«እናቴ ነዎት ብዬ እንዴት...»

«ምስክርም ያስፈልጋል» አለ ኃላፊው፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል። እማማ ዘነቡ ዙሪያቸውን አዩ፣ ከእኛ በቀር ሰው የለም። «እኔ አለሁ» አሉና ከአባዬ በፊት ጎንበስ ብለው አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ውስጥ ነከሩ፣ የራሳቸው ቤት የእሳቸው እንዳልሆነ ወረቀቱ ላይ ተጫኑ። ከዚያ በኋላ አባዬ ፈረመ። ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው ጣታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየፈተጉ «አይለቅም ይኼ ደግሞ» ይሉ ነበር።

የደረሰን ምትክ ወደ አዘዞ መውጫ፣ ከከተማው ዳር አንድ ክፍል የብሎኬት ቤት ነበር። እማማ ዘነቡ አብረውን ሊሄዱ ነበር፣ ክርክር እንኳ አልነበረበትም፣ እማዬ ሄዳ አይታ «አልጋቸው በዚህ በኩል፣ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ» ብላ ቦታ ለይታ መጥታ ነበር። ኅዳር ውስጥ፣ እቃ በተጫነበት ቀን ጧት፣ ጠርተው በጉልበታቸው መሀል አስቀመጡኝና ሹሩባ ሠሩኝ። በዓል አልነበረም። ከወትሮውም አጥብቀው ነው የሠሩኝ፣ ስጮህ «ዝም በይ፣ ብዙ ቀን እንዲቆይልሽ ነው» አሉኝ። ከዚያ አንድ ጥቅል ይዘው ተነሱና አይከል ያለችውን እህታቸውን ጠይቀው በሳምንት እንደሚመጡ ለእማዬ ነገሯት። አባዬ «እኔ አደርስዎታለሁ» ቢል «ኧረ ወዲያ! የአገሬን መንገድ አንተ ነህ የምታሳየኝ?» ብለው ሳቁበት። ሚኒባስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጠው ነበር፣ ወደ እኛ አልዞሩም።

ሳምንቱ ሲያልፍ አባዬ አይከል ወረደ። እህታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። የእህታቸው ልጆች «ሁለት ቀን አደሩ፣ ከዚያ ቤቴ እሄዳለሁ ብለው ወደ ጎንደር ተሳፈሩ» አሉት። ሲመለስ በቀጥታ የሄደው ወደ ድሮው ሰፈር ነበር፣ ቤታችን ፈርሶ አፈሩ ተገፍቶ ነበር። የአካባቢው ዘበኛ አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እንዳየ፣ መኪናው ሲመጣ አስነስቷቸው ቁልቁል እንደወረዱ ነገረው። በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፈለግናቸው፣ በየሆስፒታሉ ጠየቅን፣ እማዬ ለየመነኮሳቱ መልካቸውን እየነገረች ዞረች። እስከ ዛሬ አላወቅንም። እኔ ሹሩባዬን አልፈታም ብዬ ጥር እስኪገባ ድረስ አስቸገርኩ፣ በመጨረሻ እማዬ እያለቀሰች በመቀስ ቆረጠችው።

አባዬ ከዚያ በኋላም ብዙ መጻሕፍት ጻፈ። ጸሐፊ መጽሐፍ ሲጨርስ በመጨረሻው ገጽ ስሙን አስገብቶ በጸሎታችሁ አስቡኝ ይላል፣ ወጉ ነው፣ ለድካሙም የሚቀበለው እሱን ነው። አባዬ ግን በዚያ ቦታ የራሱን ስም መጻፍ ተወ። በእሱ ፈንታ የሚያስገባው የእማማ ዘነቡን የክርስትና ስም ነበር፣ «ወለተ ሥላሴን አስቡ» ብሎ። ካህናቱ መጽሐፉን ያሠራች ሴት እየመሰለቻቸው ያስቧታል። እኔ አንድ ቀን «የአንተስ ስም አባዬ?» ብዬ ብጠይቀው «እኔ አንድ ጊዜ ፈርሜያለሁ» አለኝ። ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው።

አሁን የምኖረው ማራኪ የሚባለው የጎንደር ሰፈር ነው፣ በኪራይ፣ አምስት ክፍል በተደረደረበት ግቢ ውስጥ። ትናንት መዝጋቢዎች መጡ። እነዚህ መዝገብ የላቸውም፣ ታብሌት ነው የያዙት፣ ቀለሙ ግን ያው ቀይ ነው። ድምፃቸውን ስሰማ ሊጥ በእጄ እንዳለ ወጣሁና መንገዳቸው ላይ ቆምኩ። «እዚህ አምስት በር ነው፣ አምስት ቤተሰብ ነው፣ ከኋላ ያለውንም ዞራችሁ እዩ፣ አንድም እንዳትዘሉ!» እያልኩ ስጮህ ተከራዮቹ ምን ነካት ብለው ከየበራቸው ያዩኝ ነበር። ልጁ ትሁት ነበር፣ «እሺ እህቴ፣ ሁሉንም እመዘግባለሁ» እያለ በየበሩ ስም እየጠየቀ ጻፈ። ከእኔ ክፍል ቀጥሎ ያለው በር ተቆልፎ ነበር። «እዚህ ማን ነው የሚኖረው?» አለኝ። አንዲት ሴት ናት። ከገባች ሁለት ዓመት አልፏታል፣ ጧት ቁልፏ ሲዞር እሰማለሁ፣ ሰሞኑን ደግሞ በብሎኬቱ ግድግዳ ውስጥ ስታስል እሰማታለሁ። ያኔ የእማማ ዘነቡ ሳል ገና ሲለወጥ ግድግዳ ያፈረስን ሰዎች ነን። ልጁ ጣቱን ታብሌቱ ላይ አድርጎ እየጠበቀኝ ነበር።

«ስሟን ብቻ ንገሪኝ» አለኝ።

«አላውቀውም» አልኩት።